ንድፉ ለሰው፣ በጀቱ ለካሜራ፦ የቮስቶክ መንኮራኩር አመጣጥ እንደገና ሲመረመር

1. መግቢያ

አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ዋልተር ማክዱጋል በ1985 ያሳተመው የጠፈር ዘመን ፖለቲካዊ ታሪክ በማግሥቱ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጠፈር ጉዞ አጀማመር ከሚጽፉት ብዙዎቹ ወይ ይጠቅሱታል፣ ወይ ሳይጠቅሱት ይከተሉታል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የማክዱጋል ዋና ሐሳብ ግልጽ ነው። በእሱ አባባል ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋ ቴክኖክራሲያዊ አገር ናት፤ የቴክኖሎጂ ለውጥን በተቋም አደራጅታ ለመንግሥት ዓላማ ያዋለች አገር። ስፑትኒክም አሜሪካን ወደዚያው መንገድ ገፋፋት።

ይህ መጣጥፍ የሐሳቡን ሶቪየታዊ ግማሽ አይቀበልም። የሶቪየት መንግሥት ሰውን ወደ ጠፈር ለመላክ አስቦና አቅዶ አልተነሣም። ገንዘብ ሊያወጣበት የፈለገው የባላንጣውን ምድር ፎቶ አንሥቶ፣ ፊልሙን ይዞ የሚመለስ የስለላ ሳተላይት ነበር። ሰውን በዚያ በጀት ጥላ ሥር ያስገቡት ጥቂት መሐንዲሶች ናቸው። ጋጋሪን በቮስቶክ የበረረው መንግሥት ስላቀደ ሳይሆን፣ መሐንዲሶቹ አንዱን መንኮራኩር ለሁለት ጌታ እንዲያገለግል አድርገው ስለቀረጹት ነው።

2. ቀደምት ጥናቶች

በአሜሪካው ገጽ ላይ ከማክዱጋል ጋር ክርክር የለኝም። ናሳ በ1958 በሕግ ተቋቋመ፤ የሜርኩሪ ፕሮጀክት በሮበርት ጊልሩዝ ቡድን ተመራ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ሜይ 25 ቀን 1961 ጨረቃን የአገር ግብ አድርጎ ለምክር ቤት አቀረበ። አሲፍ ሲዲቂ በ2000 ያሳተመው ትልቅ ጥናት የሶቪየትን ወገን በሰነድ አስደግፎ ስለ ተረከ ለሁላችንም መሠረት ሆኗል። ያሮስላቭ ጎሎቫኖቭ በ1994 ያሳተመው የሶቪየቱ ዋና የሮኬት ዲዛይነር የሰርጌይ ኮሮልዮቭ የሕይወት ታሪክም ሰውየውን ከሐውልትነት አውጥቶ ሰው አድርጎታል።

ክፍተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የቦሪስ ቼርቶክ ባለ አራት ቅጽ ትዝታና የጄኔራል ኒኮላይ ካማኒን የዕለት ማስታወሻ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ታትመዋል። ሆኖም የማክዱጋልን ሐሳብ የሚደግሙ ጸሐፊዎች ሁለቱን ምንጮች ለማጣፈጫ ወሬ ብቻ ይጠቀሙባቸዋል። ወደ ጠፈር ስለተላኩት ውሾችና ስለ ኮሮልዮቭ ቁጣ ይቀዱና፣ ማን ምን ጠይቆ ማን እንደ ፈቀደ የሚናገረውን ክፍል ያልፉታል። ለክርክራችን ዋናው ግን ያ የታለፈው ክፍል ነው።

3. ያልታቀደው ሮኬት

ጋጋሪንን ያነሣው ሮኬት ከኤር-7 አህጉር አቋራጭ ሚሳይል የተወለደ ነው። ኤር-7 ሙሉ ርቀቱን በተሳካ ሁኔታ የበረረው ኦገስት 21 ቀን 1957 ነበር። ይህን ያህል ግዙፍ የሆነው ለጠፈር ታስቦ አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ አንድሬይ ሳኻሮቭ ከሞተ በኋላ በ1990 በታተመው ትዝታው እንደሚተርከው፣ በ1953 መጨረሻ ስለ ቀጣዩ የቴርሞኒውክሌር ቦምብ አስቸኳይ ማስታወሻ እንዲጽፍ ታዘዘ። እሱም በግምት አንድ ክብደት ጻፈ። መንግሥትም ያንን ግምት ተቀብሎ፣ ይህን ያህል ክብደት የሚሸከም ሚሳይል እንዲሠራ በውሳኔ አዘዘ። በኋላ ያ የቦምብ ንድፍ ተጣለ፤ ሮኬቱ ግን በተባለው መጠን ተሠራ።

ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለጦር መሣሪያ ከሚያስፈልገው በላይ ጉልበት ያለው ሮኬት በኮሮልዮቭ እጅ ገባ። አሜሪካኖቹ ቦምባቸውን አሳንሰው ሮኬታቸውንም ስላሳነሱ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ጭነት የማንሣት አቅም አልነበራቸውም። የሶቪየት ብልጫ መነሻው አንድ የፊዚክስ ሊቅ በችኮላ የጻፈውና በኋላ የተተወ ግምት ነው። በማክዱጋል ሥዕል ውስጥ እንዲህ ላለ አጋጣሚ ቦታ የለም።

ስፑትኒክም ቢሆን ይኸው ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 1957 የወጣችው 83.6 ኪሎ ግራም የምትመዝን ሳተላይት በማግሥቱ ፕራቭዳ ጋዜጣ ላይ በመጠነኛ ዜና ብቻ ተነገረላት። ገጹን በትልልቅ ርእስ የሞላችው ኦክቶበር 6፣ የዓለም ድንጋጤ ሞስኮ ከደረሰ በኋላ ነው። ለክብሩ ሲል ሳተላይቱን ያቀደ መንግሥት ክብሩን ለማወቅ የውጭ ጋዜጦችን አይጠብቅም ነበር።

4. የሜይ 1959 ውሳኔ

የክርክሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። በ1958 በኮሮልዮቭ ቢሮ፣ በኦካቤ-1፣ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። አንደኛው የፎቶ ስለላ ሳተላይት ሲሆን፣ ወታደሩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ሰው ይዞ በምህዋር የሚዞር መንኮራኩር ሲሆን፣ የሚፈልጉት መሐንዲሶቹ ናቸው። ሁለቱም በሚኻይል ቲኾንራቮቭ ክፍል ሥር ነበሩ። የሰውን መንኮራኩር ስሌት የመራው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ የነበረው ኮንስታንቲን ፌዮክቲስቶቭ ነው። ፌዮክቲስቶቭ በልጅነቱ ቮሮኔዝ ላይ በጀርመን ወታደር ጥይት ተመትቶ ከሞት የተረፈ፣ የፓርቲ አባል ያልሆነ ሰው ነበር። መንግሥት አቅዶ የመረጠው ሰው አይመስልም።

ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ቢሮ ውስጥ በአንድ በጀትና በአንድ የሰው ኃይል ላይ ይሻሙ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከውስጥ ነው፤ አንድ መንኮራኩር ተሠርቶ ለሁለቱም ይዋል ተባለ። ሜይ 22 ቀን 1959 የወጣው የመንግሥት ውሳኔ ይህንኑ አጸደቀ። በአንድ ሰነድ ላይ የስለላ ሳተላይቱና የሰው በረራ በአንድ ላይ ታዘዙ። በዚያን ጊዜ የመከላከያ ሰዎች ለሰው በረራ ብቻ በጀት ይዘው እንዲቆሙ የሚያደርግ ምክንያት አልነበራቸውም፤ ለካሜራው ግን ነበራቸው። ሰውየው ያለፈው ካሜራው በከፈተው በር ነው።

የአሜሪካው ሁኔታ ልዩነቱን ያጎላዋል። እዚያ የስለላው ሥራ በሲ.አይ.ኤ.ና በአየር ኃይል የኮሮና ፕሮግራም፣ የሰው በረራው በናሳ ተለይተው ተያዙ። ኦገስት 19 ቀን 1960 የኮሮና ሳተላይት የሆነው የዲስከቨረር 14 የፊልም ዕቃ በሐዋይ አካባቢ በአውሮፕላን ከአየር ላይ ተቀለበ። በዚያኑ ዕለት ቤልካና ስትሬልካ የተባሉት ውሾች ወደ ምህዋር ወጡ፤ በማግሥቱም በሰላም ተመለሱ። የአሜሪካው ዕቃ ከፊልም በቀር ሰው የሚያስገባ ስፋት አልነበረውም። የሶቪየቱ ግን ከመነሻው ሰው እንዲይዝ የተሰላ ነበር።

5. ተመላሹ ሉል ራሱ ምን ይመሰክራል?

ወረቀቱ ባይኖር እንኳ ዕቃው ይናገራል። የቮስቶክ ተመላሽ ክፍል 2.3 ሜትር ዲያሜትር ያለው ሉል ነው። ፌዮክቲስቶቭ ሉልን የመረጠው የአየር ባሕርይው በቀላሉ ስለሚሰላ ነው። የክብደቱ ማዕከል ወደ አንድ ወገን ስለተደረገ፣ አየር ሲመታው ያለ መሪ ራሱን ያቃናል። በየትኛው ጎን ከባቢ አየር እንደሚገባ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ዙሪያው በሙሉ በሙቀት መከላከያ ተለብጧል። እንዲህ ያለ ክፍል ለተሳፋሪውም ለካሜራውም እኩል ይስማማል።

በማረፊያው ላይ ግን ካሜራና ሰው ይለያያሉ። ሉሉ በጃንጥላ ተንጠልጥሎ መሬት የሚመታው በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ፍጥነት ነው፤ ይህን ምት ለማለዘብ የተበጀለት መሣሪያ አልነበረም። ለፊልም ዕቃ ይበቃል፤ ለሰው አይበቃም። ስለዚህ ጋጋሪን ኤፕሪል 12 ቀን 1961 ከምድር በ7 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከነመቀመጫው ተወርውሮ ወጥቶ፣ በራሱ ጃንጥላ በሳራቶቭ ክፍለ ሀገር በስሜሎቭካ መንደር አጠገብ አረፈ። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን አብራሪው በመንኮራኩሩ ውስጥ ማረፍ አለበት ይል ስለነበር፣ ይህ ለዓመታት ተደበቀ። ሰውን ለማብረር ብቻ ታስቦ በጊዜ የታቀደ መንኮራኩር ሰውን ይዞ ማረፍ ባልተሳነው ነበር።

ሌላው ምስክር ፈንጂው ነው። በሙከራ መንኮራኩሮቹ ውስጥ፣ ከመስመር ወጥተው በባዕድ አገር እንዳያርፉ ራሳቸውን የሚያፈነዱበት መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 1960 የወጡት ፕቾልካና ሙሽካ የተባሉት ውሾች ያለቁት በዚህ ነው። ፍሬን የሚይዘው ሞተር በተገቢው መጠን ሳይሠራ ስለቀረ የመውረጃው መስመር ተዛባ፤ መሣሪያውም መንኮራኩሩን አፈነዳው። ዲሴምበር 22 ደግሞ ሌሎች ውሾች የያዘ በረራ ሳይሳካ ሉሉ በሳይቤሪያ በረዶ ላይ ወደቀ። ፈንጂው ስላልፈነዳ ውሾቹ በሕይወት ተገኙ፤ ሊያወጧቸው የሄዱት ሰዎች ግን መጀመሪያ ፈንጂውን ማምከን ነበረባቸው። ሰው በተሳፈረባቸው መንኮራኩሮች ላይ መሣሪያው እንዲነሣ ተደረገ። ምስጢር እንዳይወጣ የሚፈነዳ ዕቃ የስለላ ሳተላይት ባሕርይ እንጂ የተሳፋሪ መጓጓዣ ባሕርይ አይደለም።

ቁጥሩም ይህንኑ ያጠናክራል። ሰው የያዙት ቮስቶኮች ስድስት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻዋ ቫለንቲና ቴሬሽኮቫን ይዛ ጁን 16 ቀን 1963 ወጣች። ወንድማቸው የስለላው ዜኒት ኤፕሪል 26 ቀን 1962 ኮስሞስ 4 በሚል ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳካ ሁኔታ ወጣ፤ ከነዝርያዎቹ እስከ 1994 ድረስ ከ500 በላይ ተተኩሷል። መንግሥት የትኛውን ይፈልግ እንደ ነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ መፈለግ ትርፍ ድካም ነው።

6. የካማኒን ማስታወሻ

ጄኔራል ካማኒን ተራ ታዛቢ አይደለም። በ1934 የቼሊዩስኪን መርከብ ተሳፋሪዎችን ከበረዶ በማትረፉ ከመጀመሪያዎቹ የሶቪየት ኅብረት ጀግኖች አንዱ የሆነ አውሮፕላን አብራሪ ሲሆን፣ ጠፈርተኞቹን በአየር ኃይሉ በኩል የሚመራው እሱ ነበር። ከዲሴምበር 1960 ጀምሮ የጻፈው ማስታወሻ በተደጋጋሚ የሚያማርረው የበላይ አለቆቹን ነው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮድዮን ማሊኖቭስኪና ሌሎቹ ማርሻሎች ለሰው በረራ ግድ እንደሌላቸው፣ ተጨማሪ መንኮራኩር ሲጠየቁ እንደሚገፉ፣ ከአንድ በረራ ወደ ሌላው የሚያደርስ የረጅም ጊዜ ዕቅድ እንደሌለ ደጋግሞ ይጽፋል። ቼርቶክም ከመሐንዲሶቹ ወገን ሆኖ ተመሳሳይ ሥዕል ይሰጣል። በሙያቸውም በጥቅማቸውም የሚለያዩ ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ማዳመጥ ይገባል። የማክዱጋል ቴክኖክራሲ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ካማኒንና ቼርቶክ የሚያሳዩን ግን ከታች ወደ ላይ የሚደረግ ልመና ነው።

7. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1960 የወጣው ውሳኔ የሰውን በረራ ልዩ ትኩረት የሚሰጠው ተግባር አድርጎ በዲሴምበር እንዲፈጸም ማዘዙ ይጠቀስ ይሆናል። ልክ ነው፤ ግን ቀኑን እናስተውል። ቤልካና ስትሬልካ ከተመለሱ ከሰባት ሳምንት በላይ አልፏል፤ ሐሳቡም ኮሮልዮቭና ሌሎች ዋና ዲዛይነሮች ከሚኒስትሮች ጋር ፈርመው በሴፕቴምበር ካቀረቡት ደብዳቤ የመጣ ነው። መንግሥት የተዘጋጀውን አጸደቀ፤ አላቀደም።

ሁለተኛ፣ ሉሉ መጀመሪያ የተሠላው ለሰው ከሆነ የተዋሰው ካሜራው ነው፤ ታዲያ የሰው በረራ እንዴት የስለላ ጥገኛ ይሆናል? ይህ ተቃውሞ ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ ያቆመዋል። ንድፉ ለሰው ነበር፤ ገንዘቡ ግን የመጣው ለካሜራ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰው በረራ ሐሳብ ከስለላው ይቀድማል፤ ቲኾንራቮቭ ገና በ1946 ሁለት ሰው ወደ 190 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያወጣ ሮኬት አቅርቦ ነበር ይባላል። አዎን፣ አቅርቧል፤ አልተሠራም። በጀት የሌለው ምኞት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አራተኛ፣ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቾቭ በጠፈር ድሎች እንደልቡ ተጠቅሟል። በድል መጠቀም ሌላ፣ ድሉን ማቀድ ሌላ ነው።

ለማክዱጋል ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በ1985 የሞስኮ መዛግብት ዝግ ነበሩ። ከዚህ ጥናት የሚገኘው ድምዳሜም በሚወጡ ሰነዶች ሊታረም ይችላል። ሆኖም ከሶቪየት ኅብረት የሚወጡት የኮስሞስ ሳተላይቶች በጥቂት ቀናት ውስጥ እየተመለሱ መውረዳቸው ያኔም በይፋ የሚታይ ነገር ነበር። ጥያቄው በእጁ ነበር፤ አላነሣውም። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን መዛግብቱም ትዝታዎቹም ተከፍተውላቸው ሳለ እሱን መድገማቸው ማመካኛ የለውም።

8. ማጠቃለያ

የሰው ልጅ የጠፈር ጉዞ መንግሥት ትልቅ ዓላማ ይዞ የጀመረው ተግባር ተደርጎ ሲተረክ፣ የሚጠፉት እውነተኞቹ ሠሪዎች ናቸው። ፌዮክቲስቶቭ ለሰው ያሰላውን ሉል ይዞ የስለላውን በጀት ጠብቋል፤ ኦክቶበር 12 ቀን 1964ም በዚያው ሉል ላይ በተመሠረተው ቮስኾድ መንኮራኩር ራሱ በርሯል። ቲኾንራቮቭ ሥራውን ለሁለት አሥርተ ዓመታት ያህል በጽናት ይዞት ኖሯል። ኮሮልዮቭ ደግሞ በ1938 ታስሮ ኮሊማ የወረደ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1966 እስኪሞት ድረስ ስሙ ለሕዝብ ያልተነገረ ሰው ነው፤ ወታደሩ የሚፈልገውንና መሐንዲሶቹ የሚፈልጉትን በአንድ ውሳኔ ላይ ያገናኘው እሱ ነበር። እነዚህ ሰዎች የቴክኖክራሲው መሣሪያ አልነበሩም። ቴክኖክራሲውን መሣሪያ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ የጠፈር ታሪክ የሚያስተምሩና የሚጽፉ ሁሉ የሰውን በረራ ታሪክ ከስፑትኒክ ማግሥት ሳይሆን ከሜይ 22 ቀን 1959 ውሳኔ እንዲጀምሩ፣ የካማኒንንና የቼርቶክንም መጻሕፍት ከማጣፈጫነት አውጥተው ከዋና ማስረጃ ተራ እንዲያስገቡ እጠይቃለሁ። ማክዱጋል ስለ አሜሪካ የጻፈው ይቆያል። ስለ ቮስቶክ አመጣጥ ያወረሰን ሥዕል ግን ከማስረጃው ጋር ስለማይገጥም ሊተው ይገባል።