አርባ ስምንት ሰዓትና የደንዲ መንገድ

እኔ የታሪክ እንጂ የሕግ መምህር አይደለሁም። ዛሬ ስለ አንዲት የሕግ ሐረግ ለመጻፍ የተነሣሁት ሐረጓ የራሷ ታሪክ ስላላት፣ ደግሞም በቤተሰቤ ላይ ስላለፈች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1989 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ በደንዲ ገጠር የሚኖር አጎቴ በሬው የጎረቤት ማሳ ገብቶበት ከባለማሳው ጋር ተሰዳደበ። ጎረቤቱ ከሰሰ። መጥሪያው ለአጎቴ ሳይደርሰው ቀርቶ የመያዣ ትእዛዝ ወጣበት። ሐሙስ ማታ ሁለት ታጣቂዎች መጥተው ወሰዱት። ዳኛ ፊት የቀረበው ግን በማግስቱ አይደለም፤ ማክሰኞ ነው። ያኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ከትምህርት ቀርቼ ችሎቱ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ዳኛው ለምን እንደ ዘገየ ሲጠይቁ ያቀረበው ፖሊስ በኦሮምኛ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ «ክቡር ዳኛ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።»

ያን መንገድ አጎቴ በየገበያው ቀን እህሉን በአህያ ጭኖ ማልዶ ይሄድበታል፤ ማታውኑም ይመለስበታል። በጥቂት ብር መቀጮ ተለቀቀ። ቤቱ ሲደርስ ግን ያጨደውን ጤፍ ያልተጠበቀ ዝናብ መትቶታል።

ይህ «መንገድ» የተባለ ሰበብ ታዲያ ከየት መጣ?

በጥንቱ ሥርዓታችን ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ሲከፋም በሰንሰለት ተያይዘው፣ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ዋስ የጠራ በቀጠሮው ቀን በራሱ እግር ይመጣል። ቁራኛ መሆን ውርደት እንደ ነበረው አልክድም። ነገር ግን አንድ ጥበብ ነበረበት። ከሳሹም አብሮ ስለሚታሰር መንገዱ እንዲረዝም የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ዘመናዊው መንግሥት ቁራኛውን ሲፈታ ያዡ ነጻ ሆነ፤ ተያዡ ብቻ ታስሮ ቀረ። ስለዚህ ገመዱን የሚተካ ሌላ ልጓም አስፈለገ። ያ ልጓም ሰዓት ነው።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ማንም ከሕግ ውጭ እንዳይያዝ ቢደነግግም ሰዓት አልቆጠረም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ግን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ አዘዘ። በእግር ብቻ የሚኬድና ከ48 ሰዓት የማያንስ ርቀት ሲያጋጥም ጊዜውን እንዲያራዝም የፈቀደው ለፍርድ ቤቱ ነበር። ልብ በሉ፤ ርቀቱ ተለክቷል፣ ሥልጣኑም የዳኛ ነው። በሰር ቻርልስ ማቲው የተረቀቀው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መጣና በአንቀጽ 29 ነገሩን አላላው። የ48 ሰዓቱን ገደብ ይዞ፣ የአካባቢው ሁኔታና የመገናኛው ችግር ቢያስገድድ ከዚያ እንዲያልፍ ፈቀደ፤ የጉዞውም ጊዜ አይቆጠርም አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 3 የአካባቢውን ሁኔታ ጣለው፤ የጉዞውን ጊዜ ግን በአግባቡ እስከ ተገመተ ድረስ ከቁጥር ውጭ አደረገ። ገማቹ ማን ነው? መንገዱን የሚለካው ያው ያዡ ከሆነ ልጓሙ የት አለ?

ፖሊስ መኪና የለውም፣ ነዳጅ የለውም፣ ቅዳሜና እሑድ ዳኛ የለም ይባላል። ችግሩ እውነት ነው። ሆኖም ለቀላል ጥፋት መፍትሔው መኪና ሳይሆን ዋስ ነው። ያው የ1954ቱ ሕግ በአንቀጽ 28 ጥፋቱ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ሲሆን ፖሊስ ተጠርጣሪውን በዋስትና እንዲለቅ ፈቅዷል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ የመያዣ ትእዛዝ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ እንዲወጣ አዟል። የኬንያ የ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥት አንድ እርምጃ ቀድሞናል፤ በገንዘብ ብቻ ወይም ከስድስት ወር በማይበልጥ እስራት በሚያስቀጣ ጥፋት ማንም በማረፊያ ቤት እንዳይቆይ ከልክሏል።

መንገድ እጥረት አለመሆኑንስ አይተነዋል። በኅዳር 2008 ዓ.ም. የደንዲ ወረዳ ከተማ ከሆነችው ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ባለሥልጣናቱ ራሳቸው እንዳመኑት ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተያዘ፤ ብዙው ጦላይን፣ አዋሽን፣ ብር ሸለቆን ወደመሳሰሉ ካምፖች ተጓዘ። ያን ጊዜ መኪናውም ነዳጁም ተገኝቷል። መንገድ ወደ ፍርድ ቤት ሲሆን ይረዝማል፤ ወደ ማጎሪያ ሲሆን ያጥራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ሰው የተያዘበት ሰዓት ይጻፍ፤ የጉዞው ሰዓት ለብቻው ይጻፍ፤ ዳኛውም ሁለቱን ሳያይ ቀጠሮ አይስጥ። ሰዓቱ ያለፈበት ሰው በአንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 4 አካሉ ነጻ እንዲወጣ የመጠየቅ መብት እንዳለው በየጣቢያው በር ላይ፣ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ይለጠፍ።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። አጎቴ የከፈለውን መቀጮ አንድም ቀን ሲያነሣው አልሰማሁም። አራቱን ቀናት ግን እስከ ዛሬ ይቆጥራቸዋል።