በጦር ሰፈር ያደሩ እንግዶች

ባለፈው ክረምት የአጎቴ ልጅ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባን ሊያሳያቸው መጣ። እሱ ወታደር ነው። ፒያሳ አካባቢ የአልጋ ዋጋ ጠይቆ ሲነግሩት ስልኩን ዘግቶ ዝም አለ። ለአራት ሰው፣ ለአምስት ሌሊት፣ በእሱ ደመወዝ የሚታሰብ አልነበረም። በኋላ አንድ ጓደኛው ጠቆመውና ለሠራዊቱ አባላትና ለቤተሰቦቻቸው በቅናሽ በሚሰጥ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንድ ክፍል አገኘ። ሁለት አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የጋራ መታጠቢያ፣ ጠዋት በክበቡ ሻይ በዳቦ። ልጆቹ በደስታ ሊያብዱ! በር ላይ ያለው ዘብ ለአባታቸው ሰላምታ ሲሰጠው ማየታቸው ከአንድነት ፓርክ አንበሶችም በልጦባቸዋል።

አጎቴ ግን አብረዋቸው መጥተው ሳለ «እኔ እዚያ ግቢ አላድርም» አሉ። ለምን ቢባሉ መልስ የለም። ኮልፌ እኔ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላቸው አደሩ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የሳቸው እምቢታ ነው፤ እመለስበታለሁ።

እስቲ መጀመሪያ «ሰፈር» የምንላትን ቃል እንያት። ዛሬ «ሰፈርህ የት ነው?» ስንባባል ጎረቤት፣ ሱቅ፣ የልጅነት ጓደኛ ነው የሚታየን። ቃሉ ግን የወታደር ነው። ጦር ሰፈረ፣ ድንኳን ተከለ፣ ያ ቦታ ሰፈር ሆነ። የንጉሥ ጦር ሲሰፍር ሁሉም ቦታውን ያውቃል፤ የንጉሡ ድንኳን መሀል፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማቹ በቀኝ፣ ግራ አዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቀችም። ግቢው ኮረብታው ላይ ተተከለ፤ መኳንንቱ በየአቅጣጫው መሬት ተመሩ፤ የየመኳንንቱ ወታደርና አሽከር ደግሞ በጌታው ዙሪያ ሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንላቸው የዚያ ትራፊ ናቸው። ድንኳኑ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው ቆርቆሮ ለበሰ፣ ስሙ ቀረ። እንግዲህ ከተማችን ራሷ የወታደር ማረፊያ ነበረች ማለት ነው።

ችግሩ ወታደር በራሱ ሰፈር ብቻ አያድርም ነበር። በዘመቻ መንገድ ላይና ከዘመቻ መልስ በየገበሬው ቤት ይመራል። ተሰሪ ይባላል። ባለቤቱ ምግቡን ያቀርባል፣ ሚስቲቱ ትፈጫለች ትጋግራለች፣ ለበቅሎው ገብስ ይሰፈራል። ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚያውቀው እንግዳው ነው። እንግዳ መቀበል ወግ በሆነበት አገር፣ በግድ የሚገባ እንግዳ ምን ያህል እንደሚመር መገመት አያቅትም።

አፄ ቴዎድሮስ ለወታደራቸው ደመወዝ በመቁረጥ ይህን ሊያስቀሩ ሞክረዋል። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? አልዘለቀም። አፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን በኋላ፣ በፈረንጆች 1892፣ የአሥራትን ሥርዓት አወጁ። ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለወታደሩ ቀለብ ይስጥ፣ ወታደሩም ከቤቱ ይውጣለት፤ ሐሳቡ ይህ ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ግን በደቡብ ገባሩ ለነፍጠኛው ተቆጥሮ መሰጠቱ ከዚያም በኋላ ለአሥርት ዓመታት ቀጥሏል፤ ስለዚህ አዋጁ ሁሉንም ቤት ነፃ አወጣ ብዬ አልዋሽም።

ከተማ ለሚመጣ እንግዳ በገንዘብ የሚታደርበት ቤት የመጣው ደግሞ በእቴጌ ጣይቱ ነው። ሆቴላቸው በፈረንጆች 1907 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት መልክተኛም ሆነ አገር ጎብኚ በመኳንንት ግቢ ያርፋል፣ ከቤተ መንግሥት ድርጎ ይቆረጥለታል። ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር ስለነበር መጀመሪያ ሰው አልመጣ ብሎ፣ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ሄደው አለማመዷቸው ይባላል።

የሚገርመው በዚያው በ1907 ለንደን ውስጥ፣ ከዋተርሉ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ዩኒየን ጃክ ክለብ የሚባል ቤት ተከፈተ። መኮንን ላልሆኑ ወታደሮችና መርከበኞች በርካሽ አልጋ የሚሰጥ ነው። ሐሳቡን ያነሳችው በቦር ጦርነት ያገለገለች ኤቴል መኮል የምትባል ነርስ ናት። መኮንኑ ቀድሞም የራሱ ክበብ ነበረው፤ ለፈቃድ ወይም ለጉዞ ከተማ የሚገባው ተራ ወታደር ግን ወንበዴ ቤት እየገባ ይዘረፍ ነበር። አሜሪካኖቹም በ1975 ሃዋይ ባሕር ዳር ላይ ሃሌ ኮአ የሚባል የወታደር ሆቴል ከፈቱ፤ በአገሬው ቋንቋ የጦረኛ ቤት ማለት ነው። እዚያ የአልጋው ዋጋ እንደ ማዕረግ ይለያያል፤ ማዕረጉ ዝቅ ያለው ያነሰ ይከፍላል። ይህቺን ለአጎቴ ልጅ ስነግረው «እኛም ጋ እንዲህ ቢሆን ጄኔራሎቹ ይከፍሉልን ነበር» ብሎ ሳቀ።

አሁን ወደ ኮልፌ። እሑድ ዕለት ልጆቹን ይዤ በእግር ስንዞር በሰፈራችን ስላደረ አንድ እንግዳ አወራኋቸው። ታላቅየው አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። «ማንዴላ እዚህ ኮልፌ፣ ካምፕ ውስጥ ነበር» ስለው «ስንት ከፈለ?» አለኝ። የአባቱ ልጅ!

ምንም አልከፈለም። ኔልሰን ማንዴላ ወደ አዲስ አበባ መጀመሪያ የመጣው በ1954 ዓ.ም.፣ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ፣ የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ላይ ሊናገር ነው። ከአገሩ የወጣው ተደብቆ ነበር። በዚያ ጊዜ ይጠቀምበት የነበረው የሐሰት ስም ዴቪድ ሞትሳማዪ ነው፤ በሶቶ ቋንቋ መንገደኛ እንደማለት። ወደዚህ ሲበር አብራሪው ጥቁር ሆኖ ሲያየው ለአንድ አፍታ መደንገጡን በሕይወት ታሪኩ መጽሐፍ ላይ ራሱ አምኗል። ጥቁር ሰው አውሮፕላን እንዴት ያበራል ብሎ ማሰቡ ነው ያሳፈረው። አፓርታይድ እሱን እንኳ ምን እንዳስተማረው ያየበት ቅጽበት ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ተመለሰ። የውጭ ጉዳይ ሰው ተቀብሎ በቀጥታ ኮልፌ ወሰደው፤ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወደነበረው ግቢ። ያኔ ኮልፌ የከተማ ዳር ናት። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ ቀትር 7 ሰዓት ሥልጠና፤ ሰውነት መታጠብና ምሳ፤ ከ8 እስከ 10 እንደገና ሥልጠና፤ ከዚያ እስከ ማምሻው የጦር ትምህርት። አሠልጣኙን መጽሐፉ «ወንዶኒ በፍቃዱ» ይለዋል፤ መቶ አለቃ ነው፣ ጣልያንን በውስጥ አርበኝነት የተዋጋ። (ስሙን ፈረንጅኛው ሳያበላሸው አልቀረም።) ተኩስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ መሥራትና ከፈንጂ መጠንቀቅ ተማረ። ከሁሉም የወደደው ጠመንጃና ትንሽ ውኃ ተይዞ በተወሰነ ሰዓት ሩቅ ቦታ የሚደረስበትን የእግር ጉዞ ነው። ደጋውን፣ ጫካውን፣ ገበሬውን ያየው በዚያ ጉዞ ነበር።

ማታ ማታ የሚያስተምረው ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። የፖሊስ ሠራዊት ከፍተኛ ሹም ናቸው፤ የታኅሣሥ 1953ቱን ግርግር በማክሸፍም ስማቸው ይነሳል። አንድ ምሽት እራት ላይ ያሉትን ማንዴላ አልረሳውም። የነፃነት ጦር እንደ መደበኛ ጦር አይደለም፤ ከግዳጅ ውጪ ስትሆን ከተራው ተዋጊ ጋር እኩል ሁን፣ እሱ የሚበላውን ብላ፤ ለብቻህ አትብላ፣ ለብቻህ አትጠጣ፤ ይህ ነበር የምክሩ ፍሬ ነገር። እንግዳን በማዕድ ላይ እንዲህ ማስተማር ከእኛ ወግ ጋር ይሄዳል መሰለኝ።

አንድ ነገር ላንሳ፣ ታሪክ ነውና። መጽሐፉ ኮልፌ ስምንት ሳምንት ቆየሁ ይላል፤ ሁላችንም እየተቀባበልን የምንጽፈውም ይህንኑ ነው። ግን ቀኖቹን ቁጠሯቸው። በሰኔ 1954 መጀመሪያ ለንደን ነበር፤ በሐምሌ አጋማሽ ደቡብ አፍሪካ ገብቷል። መሀል ላይ የመንገዱ ቀን ሲቀነስ ቢበዛ አንድ ወር ነው። ሰውዬው ዋሸ እያልኩ አይደለም፤ 27 ዓመት እስር ቤት የኖረ ሰው ነፃ ሆኖ ያሳለፋት ክረምት በሐሳቡ ብትረዝምበት አይፈረድበትም።

ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና የተቋረጠው ከድርጅቱ «ና ተመለስ» የሚል ቴሌግራም ስለመጣ ነው። ኮሎኔል ታደሰ አውሮፕላን አመቻቹለትና ሲሰናበቱት አንድ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጡት። እንግዳ አስተናግዶ ስንቅ ቋጥሮ መሸኘት ይሉሃል ይሄ ነው! ማንዴላ ያ ሁሉ ጥይት እንደከበደው ጽፏል። ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ። ሽጉጡ ሪቮንያ በሚገኘው በሊሊስሊፍ እርሻ ተቀብሯል ይባላል፤ ቢቆፈር ቢፈለግ አልተገኘም።

አስተናጋጁስ? ታደሰ ብሩ ወደ ጄኔራልነት ደረሱ፤ ከሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር መሪዎች አንዱ ሆኑ፤ በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው። በመጨረሻ በመጋቢት 1967 ደርግ ገደላቸው። ማንዴላ ከእስር ወጥቶ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ አዲስ አበባ ሲመጣ የተቀበሉት መንግሥቱ ኃይለማርያም ነበሩ። በዚያች ክረምት ከእንግዳው ጋር እራት የበሉት ሰው ከሞቱ 15 ዓመት ሆኗቸዋል።

ይህን ሁሉ ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ ሽጉጡ በቂያቸው ነበር።

ማታ ቤት ስንመለስ መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጆቹ ወደ ማረፊያቸው ከሄዱ በኋላ ሻማ አብርተን ከአጎቴ ጋር ተቀመጥን። ስለ ማንዴላ ያወራሁትን ሰምተው ኖሯል፤ «እሱስ ሲወጣ ሸኙት» አሉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

በ1983 ዓ.ም. ጋሼ ሰሜን ግንባር ናቸው። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አንድ ጦር ሰፈር ውስጥ በተሰጠቻቸው አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠረው ጦር ተበተነ፤ ከኤርትራ በኩል የነበረው ብዙው በእግሩ ሱዳን ገባ። እሳቸውም ከሰላ ደርሰው፣ ታመው፣ ከወራት በኋላ ሲመለሱ ክፍሏ ውስጥ የማያውቁት ሰው በሩን ከፈተላቸው። «ሚስቴን ያገኘኋት ከአጥሩ ውጪ ሸራ ወጥራ ነው» አሉኝ። «ለቃችሁ ውጡ ሲሏት የት ትሂድ? ባሌ ሲመጣ እዚህ ነው የሚፈልገኝ ብላ ከአጥሩ አልራቀችም። ይሄ ልጅ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነው። አያስታውስም። እኔም አልነገርኩትም።»

ምን እንደምል ጠፋኝ። ሻማውን አስተካከልኩ።

በነጋታው ሊሄዱ ሲሉ አጎቴን ይዤ ማረፊያው ድረስ ሄድን። በሩ ላይ ቆሙ። ልጆቹ ከውስጥ «አባባ ግቡ፣ ክፍላችንን ላሳይዎት!» እያሉ ይጮኻሉ። አልገቡም። ልጃቸው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ጠጋ አሉና፦

«ስንት ከፈልክ?»

ነገራቸው።

«ደረሰኝ ሰጡህ?»

«አዎ አባዬ፣ ይኸው።»

ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ ማኅተሙን። አጥፈው መለሱለት።

«አስቀምጠው» አሉት።