የቤት ፊልም ቀን

የቤት ፊልም ቀን ቤተሰቦች በራሳቸው ካሜራ የቀረጹትን አሮጌ ፊልም ይዘው የሚመጡበት፣ በጎ ፈቃደኞችም መርምረውና ጠግነው ለታዳሚው የሚያሳዩበት ዓመታዊ ዝግጅት ነው። ሐሳቡን በ2002 እ.ኤ.አ. ያፈለቁት በአሜሪካ የሚሠሩ የፊልም ጥበቃ ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ዝግጅት በ2003 ተካሄደ።

በጎ ፈቃደኛው የተረከበውን ጥቅል ቸኩሎ ፕሮጀክተር ላይ አይጭንም። መጀመሪያ ዓይነቱን ይለያል፤ ኮዳክ በ1923 ያወጣው 16 ሚሊሜትር፣ የ1932ቱ 8 ሚሊሜትር ወይም የ1965ቱ ሱፐር 8 ሊሆን ይችላል። የተቀደዱ የጠርዝ ቀዳዳዎችንና የላሉ መጋጠሚያዎችን ይጠግናል፤ ያሸተዋልም። አሲቴት ፊልም ሙቀትና እርጥበት ሲበዛበት እየፈረሰ አሴቲክ አሲድ ስለሚያመነጭ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። በዚህ ምክንያት የተኮማተረ ፊልም በፕሮጀክተሩ ጥርሶች ሊበጣጠስ ስለሚችል አይታይም፤ ወደ ዲጂታል እንዲገለበጥ ይመከራል። ቅጂው ከተሠራ በኋላ ዋናውን መጣል ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ያለ ፊልም ዲጂታል ቅጂው የተቀመጠበት ዕቃ ከተበላሸ በኋላም ሊቆይ ይችላል።

አብዛኞቹ ፊልሞች ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ባለቤቱ እዚያው ቆሞ የሰዎቹን ማንነትና ቦታውን ይናገራል፤ ይህ ካልተመዘገበ የጥገናው ሥራ ግማሹ እንደ ቀረ ይቆጠራል።

የቤት ፊልም ተራ የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን «ቶፓዝ» ያሳያል። ዴቭ ታትሱኖ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በታጎሩበት የዩታ ካምፕ ውስጥ በድብቅ በገባ ካሜራ የቀረጸው ይህ ፊልም በ1996 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ሰፍሯል።