ስኳርና ጨው በቦንጋኦን

በ1971 (እ.ኤ.አ.) የምሥራቅ ፓኪስታን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ሕንድ ገቡ። መጠለያዎቹ በተጨናነቁበት በዚያ የዝናብ ወራት ኮሌራ ተቀሰቀሰ። የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ከካልካታ ተነሥተው የድንበር ከተማ በሆነችው ቦንጋኦን ሲደርሱ፣ የሆስፒታሉ ክፍሎች ሞልተው ሕሙማን ወለል ላይ ተኝተው ነበር። በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ለመሰካት ተቅማጥና ትውከት ላይ መንበርከክ ግድ ሆነ። ፈሳሹም ቢሆን እያለቀ ነበር።

ኮሌራ የሚገድለው ሰውነትን በማድረቅ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ 42 ሊትር ያህል ውኃ አለ። 28ቱ ሊትር በሕዋሳት ውስጥ፣ 14ቱ ደግሞ ከሕዋሳት ውጭ ነው። ከዚህ ከ14ቱ በደም ሥር የሚዘዋወረው የደም ውኃ 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ኮሌራ የጠናበት ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ሌላው የሰውነት ክፍል የቻለውን ቢያበድርም አይበቃም፤ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የልብ ምት በእጅ አንጓ ላይ አልዳሰስ ይላል።

ታዲያ ለምን ውኃ አይጠጣም? ውኃ በአንጀት ሽፋን የሚያልፈው ጨውን ተከትሎ ነው። የኮሌራ መርዝ የአንጀት ሕዋሳት ክሎራይድ እንዲያፈሱ ያደርጋል፤ ሶዲየምና ውኃም ተከትለው ይወጣሉ። ባዶ ውኃ ቢጠጡ ያው ተመልሶ ይወርዳል።

መፍትሔው የተገኘው ከኮሌራ ሠፈር ርቆ ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ክሬን በ1960 ፕራግ ላይ፣ የትንሹ አንጀት ሕዋስ ግሉኮስን የሚያስገባው ከሶዲየም ጋር አጣምሮ መሆኑን አስረዱ። ሕዋሱ 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም የሚያስገባ ፓምፕ ስላለው ውስጡ ሶዲየም ያንሰዋል። ስለዚህ ከውጭ ያለው ሶዲየም ወደ ውስጥ ሲገባ ግሉኮሱን ይዞ ይገባል፣ ውኃም ይከተላል። የኮሌራ መርዝ ደግሞ ይህን መንገድ አይነካውም! ሐኪሞቹ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውኃ በዚህ መንገድ እንደሚያድን በ1968 ዳካ ውስጥ በሕሙማን ላይ አረጋገጡ።

የማሃላናቢስ ድፍረት ይህንን ሕክምና ከሐኪም እጅ አውጥተው ለአስታማሚው መስጠታቸው ነው፤ ለእኔ ከግኝቱ አያንስም። ለ1 ሊትር ውኃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.5 ግራም ቤኪንግ ሶዳ። ካልካታ ውስጥ በትንንሽ ላስቲክ ተመዝኖ፣ አፉ በጋለ ብረት ታሸገ። ቦንጋኦን ላይ ቧንቧ በተገጠመላቸው በርሜሎች ተበጠበጠ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች በኩባያ እየቀዱ አጠጡ። 30 በመቶ ገደማ ደርሶ የነበረው የሟቾች ድርሻ በእሳቸው ክትትል ሥር ከነበሩት ሕሙማን መካከል ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ1978 ግኝቱ ምናልባትም የክፍለ ዘመኑ ትልቁ የሕክምና እመርታ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ።

እኛ አገር የዚህ ዓይነቱ ቅመም «ለምለም» ተብሎ ከእናቶች ቤት ገብቷል። ልኩ ግን ቀልድ አይደለም። ለ1 ሊትር የተዘጋጀውን ፓኬት በግማሽ ሊትር ውኃ በጥብጠው ለልጅ ቢሰጡት፣ ድብልቁ ከልጁ ደም ይልቅ ስለሚወፍር ውኃውን ከሰውነት ወደ አንጀት መልሶ ይስበዋል፤ የልጁም ድርቀት ይብሳል።