በጉዲፈቻ የሄደን ዘመድ ፍለጋ

ጉዲፈቻ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቃሉ ራሱ ከአፋን ኦሮሞ ወደ ሕጋችን የገባ ነው። በአማራው ዘንድም «የጡት ልጅ» የሚባል ልማድ አለ። በልማዱ ልጅ ሲሰጥ ሽማግሌና ጎረቤት ስለሚያውቁ፣ አድጎ ወላጆቹን ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱ ከመንደሩ አይርቅም ነበር። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና እንደሚቀጥል ይደነግጋል።

ዝምድናው በተግባር የተቋረጠው ልጆቻችን በብዛት ባሕር ማዶ ሲሄዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ወደ አሜሪካ ሄደዋል። በጥር 2010 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ አገር ዜጎች የሚሰጠውን ጉዲፈቻ አገደ። የሄዱት ግን አሁን አድገው ቤተሰባቸውን እየፈለጉ ነው፤ እኛም እንፈልጋቸዋለን።

እንደ ተወለደ የተሰጠን ልጅ ማግኘት ይበልጥ ይከብዳል። አንደኛ፣ ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ሁለተኛ፣ የእኛ ሰው የሚታወቀው በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ አሳዳጊዎች የራሳቸውን የቤተሰብ ስም ሲሰጡት ይህ ምልክት ይጠፋል። ሦስተኛ፣ የዘመን አቆጣጠር አለ። በጥር 1998 የተወለደች ሕፃን ቀኗ ሳይመነዘር እንዳለ ወደ ፈረንጅ ሰነድ ከተገለበጠ፣ በወረቀት ላይ በ8 ዓመት ታላቅ ትሆናለች። ሒሳብ ክፍል የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለ የቀን ስህተት ምን ያህል እንደሚያደክም እናውቃለን።

ሆኖም የሚያዝ ነገር አለ። ወደ ውጭ የሚደረገውን ጉዲፈቻ ያጸድቅ የነበረው አዲስ አበባ የሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ የውሳኔው ግልባጭ ጥሩ መነሻ ነው። የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሆስፒታል ካርድና ፎቶግራፍም ይረዳሉ። ውጭ ያደጉት በምራቅ በሚሠራ የዘር ምርመራ ይፈልጋሉ፤ እዚህ ያለው ዘመድ ካልተመረመረ ግን የሚገናኝ ውጤት አይገኝም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የእናቶች ዝምታ ነው። ብዙዎች በሐፍረትም በሐዘንም ለሌሎች ልጆቻቸው እንኳ አልተናገሩም። እናት ካለፈች ወሬው አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ እህቶቻችን፣ የተወለደበትን ዓመተ ምሕረት፣ ቦታውን፣ የአባትና የአያት ስም፣ ልጁን የተረከበውን ድርጅት ዛሬውኑ ጽፋችሁ ለምታምኑት ሰው አስቀምጡ። መጻፍ ለሚከብዳችሁ እኛ በምስጢር እንጽፍላችኋለን። ደጋፊዎቻችንም ለሰነድ ግልባጭና ለትራንስፖርት የምትለግሱት ትንሽ ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።