ከኩራዝ እስከ ሴንሰር መብራት

ሰው ሲያልፍ የሚበራ፣ ሲርቅ የሚጠፋ የባትሪ መብራት ዛሬ ከጭነታችን አይጠፋም። ለደጅ፣ ለደረጃ፣ ለሽንት ቤት መንገድ ይፈለጋል። ደንበኞቻችን አዲስ ነገር ቢሉትም ከኋላው ረጅም የቁጠባ ታሪክ አለው።

በኩራዝና በፋኖስ ዘመን ጭንቁ ጋዝ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ክሩ ከፍ ይላል፣ ሲሄድ ዝቅ ይላል፤ ልጆች ሲተኙ እፍ ይባላል። ቆጣቢዋ የእናት እጅ ነበረች።

ከዚያ ባትሪ መጣ። ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ፈሳሹ የማይደፋ ደረቅ ባትሪ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው፤ በ1899 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ለእጅ ባትሪ የፈጠራ መብት ተሰጠ። እኛ የእጅ መብራቱን "ባትሪ"፣ ውስጡ የሚገባውን "ድንጋይ" ብለን ተቀበልነው። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን አንድ ሁለት ምሽት እናተርፍ ነበር። በጎረቤት ኬንያ ኤቨሬዲ ከ1967 ጀምሮ ናኩሩ ላይ ፋብሪካ ነበረው፤ ከውጭ የሚገባው ርካሽ ድንጋይ ገበያውን ሲያጣብበው ፋብሪካው በ2014 ተዘጋ።

የድሮው አምፖል ድንጋይ ይጨርሳል፤ አብዛኛው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ይህን የፈታው ኤል ኢ ዲ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ቀድሞም ነበር፤ ለነጭ ብርሃን የጎደለው ሰማያዊው ነው። ሹጂ ናካሙራ ደማቁን ሰማያዊ ጃፓን ውስጥ በ1993 ይፋ አደረገ። ናኩሩ በተዘጋበት በዚያው በ2014 ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ።

ሴንሰሩ ደግሞ ቀድሞ ለሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ያገለግል ነበር። እንደ ካሜራ አያይም፤ ከነጩ የፕላስቲክ ጉልላት ሥር ሆኖ የሚንቀሳቀስ የሰውነት ሙቀት ይለያል። ወደ እሱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣው ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ያገኛል። ስለዚህ ከመንገዱ ጎን ይሰቀል እንላለን። ድመትም ልታበራው ትችላለች።

እንዲህ ሆኖ የእናት እጅ ሥራ ለሴንሰሩ ተላለፈ። ሴንሰሩ ግን መብራቱ ባይበራም ሁልጊዜ ስለሚጠብቅ ድንጋዩን በጥቂት በጥቂቱ ይበላል። ለዚህ አልካላይን ይሻላል። አልካላይኑ ላይ "ኤል አር" የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ፤ በተራው ዚንክ ካርቦን ላይ "አር" ብቻ። ተራው ሲያልቅ ውስጡ እየፈሰሰ የመብራቱን ብረት ያዝገዋል።

ዋጋ ለማውረድ ተራውን ድንጋይ ከትተን ብንሸጥ በዕለቱ ማንም አያውቅብንም። ከሁለት ወር በኋላ ግን በሌሊት የምትነሳ አያት ደረጃው ላይ ጨለማ ይጠብቃታል። እንግዲያው ስንሸጥ ውስጡ ያለው ድንጋይ የትኛው እንደሆነ እንናገር፤ የዋጋውን ልዩነት ሰምቶ ገዢው ይምረጥ።