የሰማህ ላልሰማህ አሰማ



ስልክ ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ የመንግሥት ቃል ወደ ገጠሩ ሕዝብ ይደርስ የነበረው በገበያ ቀን በሚጐሰም ነጋሪት ነበር። ባለርስቱም፥ ጭሰኛውም፥ ባሏ የሞተባትም ሴት በአንድ ሜዳ ቆመው አንዱን ቃል በአንድ ጊዜ ይሰሙ ነበር። ዐዋጅ ነጋሪውም «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» እያለ ያልመጣውን ጐረቤት ለመጣው አደራ ይሰጥ ነበር።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም.፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መሥመር ሥራ ተጀመረ። በንጉሠ ነገሥቱና ሐረርን ይገዙ በነበሩት በራስ መኰንን መካከል የነበረው የብዙ ቀን መንገድ በአንድ ሽቦ አጠረ። ይህ የሚያስመሰግን ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ነጋሪት ለሺሕ ጆሮ ይናገራል፥ ስልክ ግን ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው። ሽቦው በገበሬው ማሳ ላይ ሲያልፍ ለገበሬው አንዲት ቃል እንኳ አይነግረውም ነበር። ገበሬው አቤቱታውን ይዞ በእግሩ ሲጓዝ፥ የተከሰሰው ሹም ስልክ ካለው ቃሉን አስቀድሞ ማድረስ ይችል ነበር።

በ1952 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ በ1999 ተንቀሳቃሽ ስልክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ሁለቱም ጸጋዎች ከገጠሩ ይልቅ ከተማውን አስቀደሙ። በ2014 ግን በ8028 ቁጥር ለገበሬው የእርሻ ምክር በድምፅ የሚሰጥ አገልግሎት ተከፈተ። ፊደል ያልቈጠረው እንኳ መስማት ስለሚችል፥ ይህ ሥራ ወደ ነጋሪቱ ጠባይ የተመለሰ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ስልኩ በማን እጅ ነው? በብዙው ቤት በባልየው ኪስ ነው፤ ሚስቲቱ ከእርሱ ጋር እኩል ብታርምም ምክሩ የሚደርሳት እርሱ ሲነግራት ብቻ ነው። መብራት ባልገባበት ቀበሌ ደግሞ ስልኩን ለማስሞላት ወደ ከተማ መሄድና ገንዘብ መክፈል ያስፈልጋል፤ ድኻው ይህን ባጣ ቀን ስልክ እያለው ደንቆሮ ይሆናል።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤት የተቀመጣችሁ ወገኖቼ፥ የማዳበሪያውን ወይም የግብሩን ቀን በስልክ ባስታወቃችሁ ጊዜ «ሕዝቡ ሰምቷል» ብላችሁ መዝገቡን ከመዝጋታችሁ በፊት፥ ያልሰማው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። መሣሪያው ተለውጧል፤ አደራው ግን ያው የጥንቱ ነው።